የዕውቀት ገበያ፤ ከቆሎ ተማሪ እስከ ባለ ዲግሪ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተማረን ሰው ያህል የከበረ እንደሌለ ይመሰክራል፤ አንዲት ጥያቄ ግን ሳይመልስ ያልፋል። ምን የተማረ? ቅኔ የተማረውም ተምሯል፤ ድጓ የተማረውም፣ ፈረንሳይኛ የተማረውም፣ ምሕንድስና የተማረውም ተምሯል። ሁሉም እንቅልፋቸውን አጥተው ተምረው ሳለ ሁሉም ከአንድ መሶብ አልበሉም። አንዱ በትምህርቱ ባለ ርስት ሲሆን ሌላው በዚያው በትምህርቱ ከሰው ደጅ ቆሞ ቀርቷል። ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይተን ስንመለስ ደግሞ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው እናገኛቸዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የቦታ መለዋወጥ ነው። እምነቴን ከመነሻው ልንገራችሁ። በአገራችን ታሪክ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ዋጋ የሚያወጣለት በጊዜው የተከፈተው የሥራ በር ነው፤ በሩን የሚከፍተውም ደብሩ፣ ቤተ መንግሥቱ ወይም መንግሥት ነው። ተማሪው ግን ሁልጊዜ የሚመርጠው ታላቅ ወንድሙ የገባበትን በር አይቶ ነው። እርሱ ተምሮ እስኪደርስ በሩ ጠቦ ይቆየዋል።

ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም የተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለዚህ ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም በዚሁ በሳይንት ምድር ትገኛለች። ዛሬ «ዲፓርትመንት» የምንለውን ነገር የቤተ ክህነቱ ትምህርት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቀው ነበር፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። ተማሪው ንባቡን ሲጨርስ መንገዱን ይመርጣል። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋድላ፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ጎንጅ ይዘልቃል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል። በእስልምናው ወገንም ደረሳው እንዲሁ ነበር። ወሎ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ እንደ ዳና፣ እንደ ጌታ ያሉ የታወቁ የትምህርት ማዕከላት ነበሯት፤ ደረሳው አንዱን ኪታብ ካንዱ ሼህ ቀርቶ ለሌላው ኪታብ ሌላ አገር ይሻገራል። የሚመገበውም ከአካባቢው ሰው እጅ ነው።

የዚያ ዘመን ደመወዝ መሬት ነበር። ደብሩ መሬት አለው፤ መሬቱም በአገልግሎት ይከፈላል፤ ለቀዳሹ ካህን፣ ለዲያቆኑ፣ ለማኅሌቱ ደብተራ፣ ለመሪጌታው፣ ለአለቃው እንደየድርሻቸው። ማኅሌት በየበዓሉ መቆም ስላለበት ዜማ የጠነቀቀ ሰው ቦታ አያጣም። ቅዳሴ ሳይቀደስ አይዋልምና ቀዳሹም እንዲሁ። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አዳርሶ ግማሽ ዕድሜውን በመጻሕፍት ቤት የጨረሰው ሊቅ ግን ከሁሉ በላይ እየተከበረ፣ እንጀራው የሚወሰነው ጉባኤ የሚተክልበት ደብር ወይም አለቅነት የሚሰጠው ጌታ በመገኘቱ ነበር። እንግዲህ ረጅሙ ትምህርት ሁልጊዜ ወፍራሙን እንጀራ አያመጣም የሚለው ነገር በዘመናዊ ትምህርት የተጀመረ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ብዙ ትውልድ ኖሮ በአንድ አዋጅ አበቃ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ደብሩም መሬቱን አጣ። ድጓው ያው ድጓ ነው፤ ከቅኔውም አንዲት ቤት አልጎደለችም። በእነርሱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን በአንድ ቀን ተፋቀ።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ለመያዝ ግን ከዚያ አዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስና እዚያው ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ላይ መውጣት አለብን። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሰበሰቡት ሀብት አንዱ መጽሐፍ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ከብራናዎቹም ወደ 350 የሚሆኑት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ከብራናዎቹ ጋር አንድ ሕፃን ልጅ ወጣ። ወላጆቹ በአጠገቡ አልነበሩም፤ ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። ቻምበርሌን ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል ትምህርቱን ከፈለለት፤ ልጁም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተምሮ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ተመረቀ። እኛ የምናውቀው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሚለው ስሙ ነው፤ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ይባላል።

የዚህን ሰው የሥራ መዝገብ እንደ ባንክ ሰው ሆኜ ሳገላብጠው አንድ ነገር ይታየኛል። ለሕክምና ዲግሪው ቋሚ ደመወዝ የከፈለው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ የከፈለውም በበርማ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፤ ዘመዶቹንም አገኘ። ነገር ግን ሐኪምን በደረጃውና በእርከኑ ቀጥሮ የሚያሠራ የጤና መሥሪያ ቤት ገና በአገሩ አልነበረም፤ ተመልሶ ወደ በርማ ሄደ። ጡረታውን አስከብሮ ለዘለቄታው ሲመለስ አገሩ የሰጠው ሥራ ሌላ ሆነ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ የጨርጨር ገዥ፣ በመጨረሻም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ። አገሩ የፈለገው የተማረ መሆኑንና ቋንቋውን ነበር፤ ሕክምናው በሹመቱ ላይ የተጨመረ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ብቻውን አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ወደ ኢጣልያ የተላከው ሥዕል እንዲማር ነው። በ1900 ዓ.ም. «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳትሞ የአማርኛ ልብ ወለድ አባት ሆነ፤ በኋላ ግን ሹመት ያገኘው በድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኖ ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን የጻፈልን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የባቡር ተቆጣጣሪነትና የዚያው የድሬዳዋ ነጋድራስነት ነበር ሥራው። ሥነ ጽሑፋችንና የምጣኔ ሀብት አስተሳሰባችን በአንድ የጉምሩክ በር አልፈው መምጣታቸው የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የሚገባበት በር ጉምሩክ ነበርና የተማረው ሁሉ ወደዚያ ይሳባል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም ዋና ሸቀጡ ቋንቋ ነበር። ከግብፅ የመጡ መምህራን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በፈረንሳይኛ ይሠራል፤ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በእንግሊዞች ይመራል፤ ሌጋሲዮኖቹ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የዚያ ትውልድ «ምርጥ ዲፓርትመንት» ቋንቋ ሆነ። አሥር ዓመት ግእዝ ከዘለቀው ይልቅ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ የቆጠረው ወጣት ደህና ደመወዝ የሚያገኝበት ዘመን መጣ።

ከዚያ ደግሞ መማር በራሱ ሞት የሆነበት ጊዜ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ የተማሩትን ወጣቶች ለቅመው ፈጁ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከተገደሉት መካከል ናቸው። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሕዝብ የተማረው ሲገደል አየ።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የነበረው ጥጋብ ከዚህ እልቂት ተለይቶ አይታይም። መሥሪያ ቤቶቹ ተቋቋሙ፤ ሰው ግን የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈትና በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ የተመረቀ ሰው በምን ተመረቅህ ብሎ የሚጠይቀው እምብዛም አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. አካባቢ በነበረው ደመወዝ ላይ የተሠራ አንድ ስሌት፣ ከፍተኛ ትምህርት ለተማሪው ለራሱ በዓመት ወደ 27 ከመቶ እንደሚያስገኝለት፣ ለአገር የሚያስገኘው ግን ከ10 ከመቶ በታች መሆኑን አሳይቶ ነበር። ወጪው የመንግሥት፣ ትርፉ የተመራቂው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚሰጥ ንግድ ደግሞ ሰው ሳይሻማበት አይቀርም።

ሽሚያው የፈነዳው በ1966 ዓ.ም. ነው። «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት የብዙኃኑን ልጅ በአጭር መሠረታዊ ትምህርትና በእጅ ሙያ ላይ ሊያቆም ነው ተባለ። ወላጁ ሐሳቡን «የድሃ ልጅ ከበሩ ይመለስ» እንደ ማለት ቆጠረው። መምህራኑ በበኩላቸው ደመወዛቸው ይሻሻል ብለው ተነሡ፤ የካቲት 11 ቀን ከታክሲ ነጂዎች ጋር ሥራ አቆሙ። የአብዮቱ መባቻ ሲነገር ስለ ወሎ ረሃብና ስለ ወታደሩ እንናገራለን፤ የትምህርትና የደመወዝ ጥያቄም እዚያው መሐል መቆሙን ግን ቶሎ እንረሳለን።

ደርግ ገበያውን ዘጋው። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። ከዚያ በኋላ ተመራቂው ሥራ አይፈልግም፤ ይመደባል። ያ ትውልድ ሲያወጋ የሚያስታውሳት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 500 ብር ናት። በይፋው ምንዛሬ አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ስለነበር ያ ገንዘብ 240 ዶላር ያህል ይሆናል። ምንዛሬው እውነተኛውን የገበያ ዋጋ ባያሳይም፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም በተደረገው ማስተካከያ 11,500 ብር የሆነው የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ በዶላር ሲመነዘር ከ100 በታች መሆኑን ስናስብ፣ አባቶቻችን ስለ 500 ብር ሲያወሩ ለምን ዓይናቸው እንደሚበራ ይገባናል።

በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የግል ባንክ የሚፈቅድ አዋጅ ታወጀ። የመንግሥት ምደባ ሲቀር ገበያው ዳግመኛ ተከፈተ። በ1990ዎቹ የወጣቱ ሁሉ ምኞት አካውንቲንግና ማኔጅመንት ሆነ፤ እኔም የዚያ ምኞት ፍሬ ነኝ። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ብሎ ወሰነ። ግድቡ፣ መንገዱ፣ የባቡር ሐዲዱ መሐንዲስ ይጠራ ነበርና ውሳኔው ያለ ምክንያት አልተወሰነም። ችግሩ መሐንዲስ በአምስት ዓመት መመረቁ፣ የግንባታ ገንዘብ ግን በአንድ በጀት ዓመት መንጠፉ ነው። የተመረቁ ወጣቶች በየከተማው ተደራጅተው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ድንጋይ ማንጠፍ ነውር የለበትም፤ ያንን ለማድረግ ግን አምስት ዓመት ካልኩለስ አያስፈልግም።

ሪቻርድ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1976 እ.ኤ.አ. በአገሩ መሐንዲሶች ላይ ይህንኑ አጥንቶ «የሸረሪት ድር» በሚባለው ሞዴል አስረድቶታል። ደመወዝ ሲንር ብዙ ተማሪ ይገባል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲመረቁ ደመወዙ ይወርዳል፤ ያንን ያዩት ታናናሾች ይሸሻሉ፤ ከዓመታት በኋላ እጥረት ይሆንና ደመወዙ መልሶ ይንራል። ክሩ እንዲህ ይዞራል። በአሜሪካ ድሩን የሚያደራው ገበያው ነው። በእኛ አገር ግን ገበያውም መንግሥትም ያደሩታል፤ ተማሪው ምርጫውን ሞልቶ ቢያስገባም የሚወስነው ውጤቱና የተሰጠው ኮታ ነውና።

ከባንክ መስኮት በስተጀርባ ስለምውል ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን አገሬን በሰልፍ አያታለሁ። የማንንም ሒሳብ መግለጥ ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ በጥቅሉ የተረዳሁትን ግን ልናገር። የመንግሥት የደመወዝ ስኬል የሥራ መደቡን ደረጃና እርከን እንጂ የዲግሪውን ስም አያይም። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የራሳቸው የእድገት መሰላል ቢኖራቸውም፣ በታሪክና በሒሳብ የተመረቁ ሁለት መምህራን በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ደመወዝ ይፈርማሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከደመወዙ ዳር ነው፤ ከውሎ አበል፣ ከትርፍ ሰዓት፣ ከቤት አበል፣ ከዓመት መጨረሻ ቦነስ፣ ለሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ ከሚሰጥ የቤት ብድር። የባንክ ሠራተኛ ከመምህር የሚሻልበት ዋና ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ዓይነት ገቢን የሚወስነው እንግዲህ በቀጥታ አይደለም፤ ወደየትኛው ቤት እንደሚያስገባ በመወሰን ነው። ቤቱ ከሀብታም ዘርፍ ከሆነ ዘበኛውም ይጠግባል።

የረከሰ ትምህርት ዳግመኛ የሚነሣበት ጊዜ እንዳለም መዝገቡ ያሳያል። የወሎ ደረሳ በቆሎ እንጀራ ያጠናው የፊቅህ ትምህርት፣ በተለይም ስለ ንግድና ስለ ብድር የሚናገረው ክፍሉ፣ ለዘመናት የመስጊድ ጉዳይ ብቻ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ ሲጀምሩ የሸሪዓ አማካሪ የግድ አስፈለጋቸው። ማንም «ገበያ አለው» ብሎ ያልመከረው ትምህርት የባንክ ወንበር አገኘ።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ የራሳችን ነገር አለ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በንግድ ትምህርት ቤት ተምሮ በቺካጎ በሕግ ተመርቋል። ነጋድራሶቹን ከላይ አይተናል። በአገራችን ግጥምና ልብ ወለድ ሁልጊዜ ከሌላ ሙያ መሶብ ሲበሉ ኖረዋል፤ እንዲህም ሆኖ አልሞቱም።

አሁን ዩኒቨርሲቲው ወደ ደጋው ራሱ መጥቷል። በ2008 ዓ.ም. የተመሠረተው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራል። አኩፋዳ አንግቶ ዓባይን ይሻገር የነበረው የሳይንት ልጅ ዛሬ በአገሩ ዲግሪ ሊይዝ ይችላል። በዚያው ልክ በሩ ከሌላ አቅጣጫ ጠቧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸውን ዘግተው ሰንብተዋል። ፊደል የሚቆጥርበት ክፍል ለተዘጋበት ልጅ «የትኛው ዲፓርትመንት ያዋጣል?» ማለት ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ማንበብ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የገቢ ልዩነት በሁለት ዲግሪዎች መካከል ያለው አይደለም፤ ክፍል በገባውና ባልገባው መካከል ያለው ነው።

ክፍል ለገባው ግን ታሪክ የምትለው አላት። በ2016 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት የትምህርት ዓይነት በገቢ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከዩኒቨርሲቲው ስም እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ከሌላው ይልቅ እነርሱ ራሳቸው የሚበልጡበትን መስክ እንደሚመርጡም አመልክቷል። የኛም ሊቃውንት ይህን ያውቁ ነበር፤ ድምፁ የሻከረውን ልጅ ከዜማ ቤት አውጥተው ወደ ቅኔ ቤት ይልኩት ነበርና። ስለዚህ ምርጫ የሚሞላ ወጣት ቢጠይቀኝ ሦስት ነገር መልሼ እጠይቀዋለሁ። ይህን ትምህርት ከጓደኞችህ አብልጠህ ትይዘዋለህ? ስትመረቅ የሚከፍልህ ማን ነው? ያ ከፋይ አንድ ቀን እንደ ደብሩ መሬት ወይም እንደ ግንባታው በጀት ቢጠፋ፣ የተማርከው ነገር ለሌላ በር ይሆንሃል? ሐኪም ወርቅነህን በትምህርት ቤት፣ በጨርጨርና በለንደን ያኖረው የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

ልማዴ ነውና በጥቂት ስንኝ ልሰናበት፤

በትናንት ቁና ነገን ሰፍሬ፣
ገበያው ተፈቷል ስደርስ ዛሬ፤
አትራፊስ ማን ነው ከዚህ ሁሉ ሰው?
ገበያ ሲፈታ ስንቅ የተረፈው።